ከማጀት ደጃፍ

የምግብ አሠራር መጽሐፍ እንደ ልብ ወለድ የማነብ ሰው ነኝ። ሥነ ጽሑፍ ያስተማርኩባቸው ዓመታት ያተረፉልኝ አመል ሳይሆን አይቀርም። «ተናጋሪው ማነው? ዝም ያለውስ?» ሳልል ስለ ሽንኩርት የተጻፈ ገጽ እንኳ አላልፍም። ሰሞኑን በዚሁ አመሌ ሁለት ጽሑፎች ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳነብ ሰነበትኩ።

አንደኛው አርጁን አፓዱራይ የተባለው የህንድ ተወላጅ አንትሮፖሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳተመው ጥናት ነው። በከተማ የሚኖሩ፣ ደህና ኑሮ ያላቸው ሴቶች ከሌላ ክልል፣ ከሌላ ቋንቋ ከመጣች ጎረቤት ሙያ ይዋዋሳሉ። ከመዋዋሱ በእንግሊዝኛ የሚጻፉ መጻሕፍት ይወለዳሉ፤ ከመጻሕፍቱ ደግሞ «የህንድ ምግብ» የሚባል ነገር ይወጣል ይለናል። ከገበታው የተገፉ ምስኪኖች እንዳሉ ሳይጠቁም አላለፈም። ሆኖም አንባቢው ልብ ውስጥ የሚቀረው አጥር እየዘለለ የሚሄደው የሙያ ወግ ነው።

እኔም አይቼዋለሁ። ከሃያ ዓመት በፊት ለትምህርት ሃይደራባድ ተቀምጬ ነበር። እናቴ ቤት ማጀት ገብቼ የማላውቅ ሰውዬ እዚያ ስደርስ ረሃብ ባለሙያ አደረገኝ። የኬረላዋ ጎረቤቴ አቪያል አስተማረችኝ፤ አትክልቱ ጣት ጣት እያከለ ተቆርጦ ከተፈጨ ኮኮነት፣ ከከሙንና ከእርጎ ጋር ይበስላል፣ ዘይቱና የካሪ ቅጠሉ የሚገቡት ከእሳት ሊወርድ ሲል ነው። የቴሉጉዋ፣ ጎንጉራ የሚሉትን የከርከዴ ዘመድ የሆነ ጎምዛዛ ቅጠል ከቃሪያ ጋር መውቀጥ አሳየችኝ። አንዷ ሌላዋን «አንቺ እኮ ኮኮነት ታበዢያለሽ» ስትል መስማት ራሱ ትምህርት ነበር።

አከራዬ ግን ሌላ ናቸው። ሥጋም እንቁላልም ቤታቸው አይገባም። ዶሳ እንዴት እንደሚቦካ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ሩዙና ዑራድ የሚባለው ክክ ለየብቻ ተዘፍዝፎ፣ ተፈጭቶና ተቀላቅሎ ያድራል። ማስተማሩን ያለ ስስት አስተማሩኝ። ያስተማሩኝ ግን እሳቸው ከምድጃው አጠገብ ሆነው፣ እኔ ከማጀቱ ደጃፍ ቆሜ ነው። አንድ ቀን አንድ እግሬን ባስገባ «እዚያው፣ እዚያው!» አሉኝ። ተቀየምኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሳምንት ሙሉ ተቀየምኩ።

እናም ኢድ መጣ። ሙስሊሟ ጎረቤቴ የሃይደራባድን ቢሪያኒ በትሪ ላከችልኝ። ጥሬው ሥጋ በእርጎ፣ በጥሬ ፓፓያና በተጠበሰ ሽንኩርት ታሽቶ ያድርና፣ በላዩ ግማሽ የበሰለ ሩዝ ተነጥፎ፣ የድስቱ ክዳን ዙሪያውን በሊጥ ታትሞ የሚበስል ነው። ሽታው ገና ከደረጃው ጀምሮ ይጣራል። እኔስ? በላሁት? የአገሬን ሰው ታውቁት የለ፤ የክርስቲያን ሥጋ፣ የሙስሊም ሥጋ ተብሎ በሠርግ ድንኳን እንኳ ለየብቻ ሲታረድ ያደግኩ ነኝ። ሆዴን አሞኛል ብዬ መለስኩት።

«ሥጋው ነው አይደል?» አለችኝ በማግስቱ፣ ያለ ምንም ቅያሜ። ከዚያ በእንቁላል አድርጌ እንድሠራው አሳየችኝ። አከራዬ እኔን ከደጃፍ እንዳቆሙኝ፣ እኔም እሷን ከትሪዬ ማዶ አቆምኳት። አሠራሩን ወሰድኩ፣ እጇን መለስኩ። አፓዱራይን በጥርጣሬ የማነበው ከዚህ የተነሳ ነው። ሙያ ሲዘልል አጥሩ ፈርሶ ነው ወይስ ከፍታው ተለምዶ?

ሁለተኛው ጽሑፍ ይህን ጥያቄ ወደ ባሰ ቦታ ይወስደዋል። ሻሁ ፓቶሌ እ.ኤ.አ. በ2015 በማራቲ የጻፈው፣ በ2024 ደግሞ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ የወጣው የማራትዋዳ ዳሊቶች የምግብ መጽሐፍ ነው። ዳሊቶች በካስት ሥርዓት «የማይነኩ» ተብለው የኖሩ ናቸው፤ ሕገ መንግሥቱ ከ1950 ጀምሮ ይህን ቢከለክልም። ማራቲዎች ምግብ ምሉዕ አምላክ ነው የሚል የቆየ አባባል አላቸው። ፓቶሌ በርዕሱ ላይ አንዲት ፊደል ጨምሮ «ምሉዕ»ን «ጎዶሎ» አደረጋት። ከዚህ የተሻለ ሂስ በአንድ ፊደል የጻፈ ሰው አላውቅም። ቅቤና ወተት ብርቅ በሆነበት ማጀት ደም፣ ሆድ ዕቃና ቻንያ የሚሉት የደረቀ ሥጋ ይበስላል። ቻንያን ሳነብ ብድግ አልኩ፤ ቋንጣ ነው እኮ! እኛ ጋ የክብር እንግዳ ይቀርብለታል፣ እዚያ ሰው ይዋረድበታል። ከእነዚህ ቤቶች ሙያ ልዋስ ብላ በሩን ያንኳኳች የመካከለኛ ኑሮ እመቤት የለችም። ያልተጠየቀ ሰው ደግሞ አያስተምርም፣ ራሱ ብዕር ያነሳል እንጂ።

መጽሐፉ አልፎ አልፎ ንዴቱ የሙያውን ቦታ ይሻማበታል፤ እንደ መምህር ብሆን ጠርዙ ላይ በቀይ አሰምርበት ነበር። እንደ አንባቢ ግን ንዴቱን አልጠላሁትም።

ከሃይደራባድ ልመለስ ስል፣ ከአገር ቤት ከመጣልኝ ጤፍ እንጀራ ጋግሬ ለአከራዬ ወሰድኩላቸው። ሥጋ የለበት፣ እንቁላል የለበት። ደጃፍ ላይ ቆምኩ። ጎንበስ ብለው አሸተቱት፤ ዓይናቸውን ወደ ዓይኑ ቀስረው ቆዩ።

«ስንት ቀን ነው የሚቦካው?»

ነገርኳቸው። ብዕር አምጥተው፣ እርሾውን፣ ውሃውን፣ ቀኑን አንድ በአንድ ጻፉት። እንጀራው በረንዳው ግንብ ላይ፣ እንዳስቀመጥኩት ነበር።