ነፋስ የት እንቀበል?

አማርኛ መቼም ሐኪም ነው። ሰው ሲከፋው «ሆዴን ባር ባር አለኝ» ይላል፤ ቤት አላስቀምጥ ሲለው ደግሞ «ወጣ ብዬ ነፋስ ልቀበል» ብሎ ነጠላውን ይደርባል። በሽታውንም መድኃኒቱንም እናውቃለን ማለት ነው። ያላወቅነው ወጥተን የት እንደምንቀመጥ ነው።

እስቲ ሐይቅ ከተማን እንውሰድ። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። ስሟን የሰጣት ውኃ አጠገቧ ተኝቷል። መንገደኛው ሁሉ «እናንተማ ታድላችኋል፤ ምን ጭንቀት ያውቃችኋል!» ይላል። ይበል። ነገር ግን ሐይቅ ዳር መኖርና ሐይቅ ዳር መቀመጥ ለየቅል ናቸው። ዳርቻው አንድ በኩል የገበሬ ማሳ ነው፤ ሌላ በኩል መዝናኛ ቤት ነው። መዝናኛ ቤት ደግሞ ገና አረፍ ከማለትዎ «ምን ልታዘዝ?» ይባላል። የሚያዙት ከሌለዎት ነፋሱም የለም።

ሳይከፈልበት የቆየው ጥላ ሐይቅ እስጢፋኖስ ነው። ድሮ ደሴት የነበረው፣ ውኃው ሲሸሽ ከየብስ የተያያዘው ይኼ ገዳም በ13ኛው መቶ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዐ ጊዜ የመምህራን መፍለቂያ ነበር፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ተምረውበታል። ዙሪያው ለእርሻ ሲመነጠር የገዳሙ ዛፍ የተረፈው የተቀደሰ ነገር አይነካም ስለተባለ ነው። እሰየው ነው። ሆኖም ገዳም ገዳም ነው እንጂ የከተማ መናፈሻ አይደለም። ሴት አይገባበትም። ከአካባቢው ሕዝብ የሚበዛው ሙስሊሙ ጎረቤትም ልጆቹን ይዞ የሚንሸራሸርበት ቦታ አይደለም። ታዲያ ጥፋቱ የመነኮሳቱ ነው? በፍጹም! እነሱ ድርሻቸውን ጠብቀዋል። ጥያቄው ለከተማ አስተዳዳሪዎች ነው፤ የእናንተ ድርሻ የታለ?

«ሕዝቡ ኑሮ ከብዶት አንተ ስለ ጥላ ታወራለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ሮጀር ኡልሪክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ያወጣው ጥናት አለ። በአንድ የፔንስልቬንያ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ሕሙማን መካከል በመስኮታቸው ዛፍ የሚያዩት፣ የጡብ ግድግዳ ከሚያዩት ቀድመው ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ ጠንካራ ማስታገሻም ያነሰ ወሰዱ። ዛፉን ያዩት በመስኮት ብቻ ነው። ከሥሩ ቢቀመጡማ!

ሐይቅ ደግሞ የቆሰለች ከተማ ናት። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በእሷም በደሴም አልፏል። ያን ጊዜ የፈራ፣ የተሰደደ፣ ሰው የቀበረ ሁሉ ዛሬም ከዚያ ነገር ጋር ያድራል። ለዚህ ሁሉ ሰው የሚበቃ የአእምሮ ሐኪም አገሪቱ የላትም። ዛፍ ሐኪም አይተካም፤ ግን ሰው ከሰው ጋር ቁጭ ብሎ የሆዱን የሚያወጣበት ጥላ ይሰጣል። ወሎ የዋርካን ጥላ ጥቅም ከማንም ሊማር አይገባውም፤ ሽምግልናውም ዱአውም እዚያው ነበረ።

እኛ ግን የምንቆጥረው ችግኝ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ጀንበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ተተከለ ተብሎ ተነግሮናል። ደግ። ከተተከለው ስንቱ ለጥላ በቃ? ከሥሩስ ማን ተቀመጠ? በየከተማው የመንገድ አካፋይ ላይ አጥር የታጠረለት ሣር አለ፤ ለመኪና ዓይን የተሠራ፣ እግር የማይረግጠው።

ሐይቅ ከተማ የምትጠይቀው ብዙ አይደለም። ውኃው የሚታይበት አንድ ቦታ፤ አገር በቀል ዛፍ፣ አግዳሚ ወንበር፣ ንጹሕ ሽንት ቤት። በሩ ላይ ቲኬት የሚቆርጥ አይኑር። እናት የቡና ዕቃዋን ይዛ ብትመጣም «ምን ልታዘዝ?» የሚላት አይኑር።