በጓንግ ወንዝ ዳር

ከጎንደር ወደ መተማ ሲወርዱ፣ ጭልጋ ላይ ዓይን የሚይዘው ጥቁሩ ባዛልት ነው። እኔን የሚያስቆመኝ ግን ጓንግ ወንዝ ሸርሽሮ ያጋለጠው፣ በባዛልቱ መሃል የተኛው ግራጫ ደለል ድንጋይ ነው። ደጋውን ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የገነባው ባዛልት በአንዳንድ ቦታ 2 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ደለሉ ከእሱ ጋር ሲተያይ ስስ ነው። እንስሳና ዛፍ የኖሩበትን ዘመን የሚተርክልን ግን ስሱ ነው።

ደለሉን የማንበብ ሥራ በመዶሻ አይጀምርም። ፀሐይ ያደረቀውን ቅርፊት በአካፋ ጠርጎ፣ ከታች ወደ ላይ እየለኩ መጻፍ ይቀድማል። ጣት ያልለየውን ጥርስ ይለየዋል፤ ቁራጯን ስነክሳት ከተንገጫገጨች ደቃቅ አሸዋ አለባት፣ ከለሰለሰች ሸክላ ናት። ጥቁሩ ከሰል ረግረግ ነበር። ሥር የቦረቦረው ሸክላ ዛፍ የቆመበት አፈር ነው። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ የእሳተ ገሞራ አመድ ዘንቦ ደኑን ሸፍኖታል፤ ቅጠሉ፣ ዘንባባው ሳይቀር፣ ታትሞ ቀርቷል። ጣቴን የቅጠሉ ጅማት ላይ ሳሳርፍ ሁልጊዜ ዝም እላለሁ።

ዕድሜውን የምናውቀው ከእሳተ ገሞራው ድንጋይና አመድ ነው። በውስጡ ያለው ፖታሲየም በታወቀ ፍጥነት ወደ አርጎን ስለሚለወጥ፣ ሁለቱን ለክተን ወደ 27 ሚሊዮን ዓመት እንደርሳለን። ያን ጊዜ አፍሪካና አረብ አንድ ምድር ነበሩ፤ ከእስያ የሚለያቸው ባሕር ነበር። ስለዚህ በጭልጋ ደለል የምናገኘው የጥንት የዝሆን ዘመዶችንና ሁለት ግዙፍ ቀንድ የነበረውን አርሲኖይቴሪየምን ነው። አውራሪስ ባሕሩን ገና አልተሻገረም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2004 የታተሙት ጥናቶች ይህን ሲያሳዩ፣ ዝሆን በዚህችው ምድር ላይ እንደ በቀለ ያለኝ እምነት ጸና።

በጀማሪነቴ ያማረ ቅጠል ያለበት ሰሌዳ አየሁና ቸኩዬ ፈነቀልኩት። የትኛው ፊቱ ወደ ላይ እንደነበር፣ ከየትኛው ንብርብር እንደወጣ አልጻፍኩም። ቅጠሉ ዛሬም ያምራል፤ ስለ ደኑ ግን ምንም ሊነግረኝ አይችልም። ያ ጥፋት እስካሁን ያንገበግበኛል። አሁን ድንጋዩ ሳይነቀል ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት እስልበታለሁ፣ ቁጥር እሰጠዋለሁ፣ ከዚያ ቶሎ እንዳይደርቅና እንዳይሰነጠቅ በወረቀት እጠቀልለዋለሁ።

ክረምት ሲወጣ ጓንግ አዲስ ግድግዳ ይከፍታል፤ አምና ያላነበብነውንም ይዞት ይወርዳል። በጥቅምት ሜትሬን ይዤ ከታችኛው ንብርብር እጀምራለሁ።