ዳኛቸው ወርቁ በሁለት ልሳን

«በእንግሊዝኛ ልቦለድ የሚጽፍ ኢትዮጵያዊ ለባዕድ ያደረ ነው» የሚሉ ጓደኞች አሉን። «በአማርኛ ተጽፎስ የት ይደረሳል?» ባዮችም አልጠፉም። ክርክሩ በተነሣ ቁጥር ሁለቱም ወገኖች ዳኛቸው ወርቁን ለምስክርነት ይጠሩታል። መጽሐፎቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያነበበ ግን ስንቱ ነው?

ዳኛቸው በ1928 ዓ.ም. ደብረ ሲና ተወለደ። በአሜሪካ አይዋ ዩኒቨርሲቲ የፈጠራ ጽሕፈት ተምሯል። «አደፍርስ»ን በ1962 ዓ.ም. አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ የለንደኑ ሃይነማን «አሥራ ሦስተኛዋ ፀሐይ» የተሰኘውን የእንግሊዝኛ ልቦለዱን በአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ መጻሕፍቱ ውስጥ አወጣለት።

«አደፍርስ» ከየገጠሩ የተለቀመ ከባድ አማርኛውን ይዞ አንባቢን ያስለፋል። ስለዚህም አንዳንዶች የእንግሊዝኛውን ልቦለድ እንደ ሽሽት ይቆጥሩታል፤ ያገሩ ሰው ስላልገባው ወደ ባዕድ ዞረ መሆኑ ነው። እኛ በዚህ አንስማማም። የእንግሊዝኛው መጽሐፍ አማርኛው ያነሣውን ጥያቄ በሌላ በኩል ይዞ የመጣ ነውና።

ጥያቄው የተማረው ወጣት ከሕዝቡ ጋር ያለው ግንኙነት ነው። አደፍርስ ተናጋሪ ነው። ካገኘው ሁሉ ጋር ይሟገታል፣ ያስተምራል፣ ይፈላሰፋል፤ ሕይወቱም በተማሪዎች ረብሻ መካከል ያልፋል። የእንግሊዝኛው ጎይቶም ግን ዝምተኛ ነው። የታመመ አባቱን ፊታውራሪ ወልዱን ከእኅቱ ከወይንቱ ጋር ሆኖ ለጠበል ወደ ዝቋላ ይወስዳል። በባላገር ጎጆ ያርፋሉ፤ ሽማግሌው ሊሞት ሲያጣጥር እንኳ ባላባትነቱን አይረሳም። ጎይቶም ሁሉን ያያል፤ የሚያነሣው እጅ ግን የለውም። ደራሲው በእናት ቋንቋው የተማረውን ሰው አስለፈለፈው፣ በተውሶ ቋንቋ ደግሞ አፉን አስያዘው። ሁለቱም የገበሬውን ሸክም አላቀለሉም። የዳኛቸው ሂስ ይኸው ነው፤ መጽሐፎቹ አንድ ላይ ካልተነበቡ ግማሹ ይቀራል።

እንከን የለውም አንልም። የእንግሊዝኛው ልቦለድ ጨለማ በጨለማ ላይ ይከምራል፤ አንባቢ መተንፈሻ ያጣል። አንዳንዱም ገጽ አገሩን ለማያውቅ ሰው ለማስረዳት የተጻፈ ይመስላል። ከሁሉ የሚበረታው የእንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገር ሥር የባላገሩ አነጋገር ሲሰማ ነው።

ለኛ ለአዳማ ተማሪዎች ዝቋላ ሩቅ ተረት አይደለም፤ ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ ሞጆን አልፈን በስተግራ የምናየው ተራራ ነው። ጎጆውም በሌላ መልኩ ደጃችን ድረስ መጥቷል። በ2011 ዓ.ም. በተመረቀው የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ የሚሰፉት እኅቶቻችን ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ ናቸው። ሥራ ሲለቁ በመንገድ እናያቸዋለን። ስለነሱ ግጥም የጻፍን አለን፤ ቁጭ ብለን ያዳመጥናቸው ግን እምብዛም ነን። ታዲያ ከጎይቶም በምን ተሻልን?

እንግዲህ በእንግሊዝኛ መጻፍ የሚሻ ይጻፍ፤ በአማርኛም፣ በኦሮምኛም እንደዚሁ። ደራሲውን የምንመዝነው ግን በመረጠው ቋንቋ ብቻ ሳይሆን በጎጆው ውስጥ ምን ያህል ጊዜ እንደ ተቀመጠና ምን እንደ ሰማ ነው። በዚህ የሚሟገተን ካለ የሚቀጥለው ዕትም ገጽ ክፍት ነው፤ ሁለቱን መጻሕፍት አንብቦ ይምጣ እንጂ።