ስለ ኢሙሌተር፤ የስልክ አፕ በዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ስለ ማሠራት የቀረበ ሂስ

ኢሙሌተር ማለት አንዱ ኮምፒዩተር ሌላውን መሣሪያ መስሎ እንዲሠራ የሚያደርግ ፕሮግራም ነው። ዓይነቱ ብዙ ሲሆን በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ለአንድሮይድ ስልክ የተሠሩትን አፖች በዴስክቶፕ ላይ የሚያሠራውን ብቻ ነው። ዓመታቱም ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ስለነዚህ ፕሮግራሞች በተማሪዎች ዘንድ የሚሰማው ነቀፋ አንድ ነው፤ ይኸውም ቀርፋፋ ናቸው፣ ኮምፒዩተሩን ያስጨንቁታል የሚል ነው። እኛ ግን ነገሩን ስንመረምረው ነቀፋው ቦታውን የሳተ ሆኖ አገኘነው። የዝግታው ችግር በብልሃተኞች ድካም አብዛኛው ተቃሏል። ሳይቃለል የቀረው የመታመን ጉዳይ ነው፤ ስለዚህኛው ግን የሚናገር ጥቂት ነው።

አስቀድሞ ዝግታው ከየት እንደ መጣ ማስረዳት ይገባናል። ስልኮች የሚሠሩት አርም በሚባለው የፕሮሰሰር ዓይነት ሲሆን አብዛኞቹ ዴስክቶፖች ኢንቴልና ኤኤምዲ በሚያወጡት በኤክስ 86 ነው። የሁለቱ ትእዛዝ እንደ ሁለት ቋንቋ የተለያየ ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርን ሁሉ፣ የውጭ አገር እንግዳ አንድ ዐረፍተ ነገር ተናግሮ ዝም ሲል፣ አስተርጓሚው ሲቀጥል፣ የግማሽ ሰዓቱ ንግግር አንድ ሰዓት ሲፈጅ አይተናል። ትእዛዝን አንድ በአንድ እየተረጐመ የሚሄድ ኢሙሌተር እንደዚሁ ነው። ፈረንሳዊው ፋብሪስ ቤላር በ2003 ያወጣው ኪውኢሙ የተባለው ፕሮግራም ግን ከዚህ የተሻለ ዘዴ ይዞ መጣ። ትእዛዞቹን በክፍል በክፍል አድርጎ ይተረጕማል፤ የተረጐመውንም አይጥለውም፣ ያስቀምጠዋል። ያው ክፍል ተመልሶ ሲመጣ አዲስ ትርጕም ሳያስፈልግ ካስቀመጠበት ያነሣዋል። ፕሮግራም ከሰው ይልቅ ያንኑ ነገር ደጋግሞ የሚናገር ስለ ሆነ ትርፉ ቀላል አይደለም። ጉግል ለአንድሮይድ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ያዘጋጀው ኢሙሌተርም የተሠራው በዚሁ በኪውኢሙ ላይ ነው።

ይህም ሆኖ መላውን ስልክ ከነሥርዐቱ መተርጐም ከባድ ሸክም ነበር። ኢንቴል በ2005፣ ኤኤምዲም በ2006 አንዱ ፕሮሰሰር በውስጡ ሌላ እንግዳ ሥርዐት ያለ ትርጕም እንዲያስተናግድ የሚያስችል ኀይል ጨመሩበት። አንድሮይድንም በኤክስ 86 ቋንቋ ማዘጋጀት ስለ ተቻለ ፍጥነቱ ተገኘ፤ ነገር ግን ሌላ ችግር ተከተለ። በጃቫና በኮትሊን ብቻ የተጻፉ አፖች ከማንኛውም ፕሮሰሰር ቋንቋ ነጻ ስለ ሆኑ በዚህ ላይ ያለ ችግር ይሠራሉ። በሲ ወይም በሲ ፕላስ ፕላስ ተጽፈው ለአርም ብቻ የተዘጋጁ ክፍሎች ያሉባቸው፣ ይልቁንም ብዙዎቹ ጨዋታዎች፣ አልከፈትም ይሉ ነበር። እንግዲህ ተማሪው ወይ ቀርፋፋውን ስልክ ወይ ፈጣኑን ግን አፕ የሚጐድለውን መምረጥ ነበረበት። በ2020 ጉግል ለአንድሮይድ 11 ባወጣው የኢሙሌተር ሥርዐት ውስጥ አፑ ከአርም ይዞት የመጣው ክፍል ብቻ እንዲተረጐም፣ የቀረው ሥርዐት ሁሉ በኤክስ 86 እንዲሄድ ተደረገ። በኛ አስተያየት በዚህ መስክ ከታዩት ሥራዎች ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ ምን መተርጐም እንደማያስፈልግ ማወቅ ከመተርጐም ይከብዳልና።

የስልኩን አካል መምሰል ከዚህ ይቀላል። የጉግል ኢሙሌተር ባትሪው እንዳለቀ፣ ስልኩ እንደ ተጋደመ፣ ጥሪ እንደ መጣ አድርገው ቢነግሩት ያምናል። ቦታውን ካልነገሩት ግን ራሱን ካሊፎርኒያ ውስጥ ማውንቴን ቪው ያለ ይመስለዋል፤ አዲስ አበባ የተቀመጠ ተማሪ የካርታ አፕ ሲሞክር መጀመሪያ የሚገረመው በዚህ ነው። በ2011 የመጀመሪያው የሙከራ እትሙ የወጣው ብሉስታክስም የጣት ንክኪን ወደ ኪቦርድና ማውዝ በመለወጥ በተጫዋቾች ዘንድ ስም አትርፏል።

ወደ ዋናው ጉዳያችን የሚያደርሰን ግን የማይክሮሶፍት ሥራ ነው። ማይክሮሶፍት አንድሮይድን በዊንዶውስ 11 ውስጥ እንደሚያስገባ በ2021 አስታወቀ። አፑ በራሱ መስኮት እንደ ማንኛውም የዊንዶውስ ፕሮግራም ይከፈት ስለ ነበር አሠራሩ ያማረ ነበር። 8 ጊጋባይት ሜሞሪ ግዴታ፣ 16 የተመረጠ ነው መባሉ ለድኻ ተማሪ ባይመችም ይህን እንደ ዋና ጉድለት አንቈጥረውም። ዋናው ጉድለት አፖቹ የሚገኙት ከጉግል ሱቅ ሳይሆን ከአማዞን ሱቅ መሆኑ፣ የጉግልም አገልግሎቶች አብረው አለመኖራቸው ነው። በእነዚያ አገልግሎቶች ላይ የተመሠረተ አፕ ሁሉ ጐደሎ ሆነ። በመጋቢት 2024 እንደሚቋረጥ ተነገረ፤ በመጋቢት 2025 ድጋፉ ቆመ። እንዲህ ያለው ሥራ የቀረው ፕሮሰሰሩ ስላቃተው ነው ለማለት አይቻልም።

ከሱቁም የሚብስ አለ። ጉግል ፕሌይ ኢንተግሪቲ የሚባል መጠይቅ አዘጋጅቷል፤ በዚህም የአፕ ባለቤት «የቆምሁበት መሣሪያ እውነተኛ ስልክ ነውን?» ብሎ ለመጠየቅ ይችላል። የመልሱ ጽኑ ማስረጃ በፋብሪካ በስልኩ ቺፕ ውስጥ የታተመ ቁልፍ ነው። ኢሙሌተር ትእዛዝን ሁሉ ቢተረጕም፣ ባትሪን ቢመስል፣ ይህን ቁልፍ ሊወልደው አይችልም። ስለዚህ አፑ በፍጥነት ይከፈትና ሊሠራ ሲችል አልሠራም ይላል።

ለዚህ ጥበቃ ምክንያት የለም አንልም። በአንድ ኮምፒዩተር ብዙ የሐሰት ስልክ አቁሞ በብዙ የሐሰት ስም መለያ መክፈት የሚቻል ስለ ሆነ ባንክ ቢጠነቀቅ አይፈረድበትም። ነገር ግን ገንዘብ የማያንቀሳቅስ፣ የጊዜ ሰሌዳ የሚያሳይ ወይም መጽሐፍ የሚያስነብብ አፕ ይህን ጥያቄ የሚያቀርበው ማንን ሊጠብቅ ነው? ዓይኑ ደክሞ በትልቅ ስክሪን ማንበብ የሚሻ፣ እጁ ተንቀጥቅጦ ከመስታወት ይልቅ ኪቦርድ የሚቀናው፣ ስልኩ ተሰብሮ የቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒዩተር ብቻ የቀረለት ሰው ሁሉ ከአጭበርባሪ ጋር አንድ ላይ ተቈጥሮ ይመለሳል። ከልካዩም ምክንያቱን ብዙ ጊዜ ስለማይነግረው ስሕተቱ የኮምፒዩተሩ ይመስለዋል።

ከልካዩ ጉዳዩን በደኅንነት ብቻ አስቦት እንዳልሆነ የሚያሳይ አንድ ነገር እንጨምር። ጉግል ራሱ በጥር 2022 በሆንግ ኮንግ፣ በደቡብ ኮሪያና በታይዋን የስልክ ጨዋታዎችን በዊንዶውስ ላይ የሚያሠራ ፕሮግራም ለሙከራ አወጣ። ይህም በኮምፒዩተሩ ውስጥ አንድሮይድን የሚያስተናግድ ነው። በዚያው በፕሌይ ኢንተግሪቲ ውስጥም ለተፈቀዱ ኢሙሌተሮች የሚሰጥ «በምናባዊ መሣሪያ ላይ ቢሆንም የታመነ» የሚል የተለየ መልስ ተዘጋጅቷል። እንግዲህ ኢሙሌተርን ማመን የሚያስችል መንገድ ተገኝቷል ማለት ነው፤ በዚህ መንገድ ማን ይለፍ የሚለውን የሚወስነው ግን ጉግል ነው።