ከጥላው ሥር ያለው ዓለት

የጥንት ሥራን ከጥፋት ማዳን በበጎ ፈቃድ ብቻ የሚፈጸም ተግባር አይደለም። ዓለት ለምን እንደሚሰነጠቅ፣ ብራና ለምን እንደሚኮማተር፣ የግድግዳ ሥዕል ቀለም ለምን እንደሚረግፍ በሥርዓት መርምሮ የሚያስረዳ ዕውቀት ያስፈልጋል። ይህም ዕውቀት ቤተ ሙከራን፣ የሠለጠነ ባለሙያንና ለብዙ ዓመታት የማይቋረጥ ገንዘብን ይጠይቃል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ የቅርስ ጥበቃ ሳይንስን የሚረዱ ድርጅቶች የተበራከቱትም በዚሁ ምክንያት ነው። የዩኔስኮ ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳለፈው ውሳኔ መሠረት በሮም የተቋቋመው ኢክሮም፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ1965 በአሜሪካ ተመሥርቶ ዛሬ ወርልድ ሞኑመንትስ ፈንድ በሚል ስም የሚታወቀው ድርጅት ከእነዚህ መካከል ይጠቀሳሉ።

የእነዚህ ድርጅቶች አስፈላጊነት አያከራክርም። ሊጤን የሚገባው ድጋፋቸው የወለደው ሥራ ምን ዓይነት እንደሆነ ነው። ጥያቄውን ማን ጠየቀ? መልሱን ማን ፈለገ? የተገኘውስ ዕውቀት በማን እጅ ቀረ? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ለመመርመር ከላሊበላ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያዳግታል።

አሥራ አንዱ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የተገነቡ ሳይሆኑ ከአንድ ወጥ ዓለት የተፈለፈሉ ናቸው። በተራ ሕንፃ ላይ ያረጀ ድንጋይ ወጥቶ በሌላ ይተካል። እዚህ ግን ግድግዳውም፣ ዓምዱም፣ ጣራውም ተራራው ራሱ ስለሆነ ከሥራው የተለየ መለወጫ የለም። ዓለቱ እሳተ ገሞራ የወለደው፣ ቀዳዳ የበዛበትና ውሃ የሚመጥ ነው። የክረምቱ ዝናብ በስንጥቁ ይገባል፤ በበጋ ይደርቃል፤ ሽበትና ሻጋታ ይበቅልበታል፤ እየተፈረፈረም ይሄዳል። የጥንት ጠራቢዎች ይህን ጠባዩን አላጡትም። ውሃው በጣራው ላይ እንዳይተኛ፣ በዙሪያው ባለው ጉድጓድም እንዳይቋት መውረጃ ቦይ አበጅተውለታል። ከዚህም በላይ እነዚህ ሥራዎች በቤተ መዘክር የተቀመጡ ዕቃዎች አይደሉም። ዛሬም ይቀደስባቸዋል፤ በገና በዓልም እጅግ ብዙ ምእመናን ይሰበሰቡባቸዋል።

የመጀመሪያው ሰፊ የእድሳት ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1966 ሲሆን፣ የገንዘቡ ምንጭ ገና ከተቋቋመ አንድ ዓመት የሆነው ያው የአሜሪካ ድርጅት፣ መሪውም ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ ነበር። ከእርሱ በፊት የነበሩ አዳሾች ውሃ ለመከላከል ሲሉ ዓለቱን በሬንጅና በቀይ ቀለም ሸፍነውት ነበር። አንጀሊኒ ይህን ልባስ አስወግዶ የዓለቱን ገጽ ገልጧል። ሥራው ከማደሱ በፊት የመጀመሪያውን መልክ መርምሮ ማወቅን ስላስቀደመ ሊመሰገን ይገባዋል። ጉድለቱ ሌላ ነው። ዘመቻው ሲያበቃ ቦይ የሚጠርግ፣ ስንጥቅ የሚከታተልና የሚመዘግብ ቋሚ የሙያ ቡድን በስፍራው አልቀረም። ድርጅቱ ሥራ ሠርቶ ሄደ፤ ውሃው ግን ክረምት በመጣ ቁጥር ተመለሰ።

ላሊበላ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ ከገቡት የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ስፍራዎች አንዱ ሆነ። ክብሩ ሲጨምር ዓለቱ ግን መፈርፈሩን አላቆመም። በአንዳንዶቹ ላይ የቆርቆሮ መጠለያ ከተሠራ በኋላ፣ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ አራት ትልልቅ ጥላዎች ታቅደው እ.ኤ.አ. በ2008 ተጠናቀቁ። ቤተ መድኃኔ ዓለም፣ ቤተ ማርያምና ቤተ መስቀል፣ ቤተ አማኑኤልና ቤተ አባ ሊባኖስ ከጥላ ሥር ገቡ። ቤተ ጊዮርጊስ ግን በሰማይ ሥር እንደቆመ ቀረ።

እነዚህን ጥላዎች እንደ አንድ የጥበብ ሥራ ለመመዘን የሚፈልግ ሰው ሁለቱን ገጽታቸውን ማየት አለበት። ዝናቡን ከልክለዋል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በአንጻሩ የላሊበላ ሥነ ሕንፃ የተመሠረተበትን ዋና ሐሳብ ሰብረዋል። የጠራቢው ዓላማ ሕንፃው ከምድር ወለል በታች ተሰውሮ እንዲቆይ፣ ተሳላሚው ከጉድጓዱ አፍ ሲደርስ ብቻ በድንገት እንዲገለጥለት ነበር። አሁን ግን አስቀድሞ የሚታየው የብረት ምሰሶና ነጭ ሸራ ነው። በጥላው ሥር የፀሐይ ብርሃን እንደ ጥንቱ በግድግዳው ላይ አይሄድም። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ የሳይንሱ ጥያቄ ነው። ለዘመናት እየረጠበ ሲደርቅ የኖረ ዓለት በአንድ ጊዜ ከዝናብ ሲገለል ጠባዩ እንዴት ይለወጣል? የምሰሶዎቹ ክብደትስ በሚያርፍበት መሬት ላይ ምን ያደርጋል? ለጊዜው ተብሎ የቆመ ነገር ጊዜው ሲያልፍ ማን ያወርደዋል? እነዚህ ጥያቄዎች ከግንባታው በፊት ተመርምረው መልሳቸው ለሕዝብ መገለጽ ሲገባው፣ ጥላው ከቆመ በኋላ የክርክር ርዕስ ሆኑ።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 የላሊበላ ነዋሪዎች አደባባይ ወጥተው ጥላዎቹ ቅርሱን ስለሚያሰጉ እንዲነሡ የጠየቁትም ስለዚህ ነው። ይህን ድምፅ ሳይንስን ካለመረዳት የመነጨ ስሜት አድርጎ ማቃለል ስሕተት ነው። ምሰሶው በነፋስ ሲንቀሳቀስ የሚሰማው፣ አዲስ ስንጥቅ ሲከፈት አስቀድሞ የሚያየው በዚያ የሚያገለግለው ካህንና የሚኖረው ሕዝብ ነው። ምልከታው በመሣሪያ መረጋገጥ ይኖርበታል፤ ሆኖም የምርምር መነሻ መሆኑን መካድ ሳይንስን ራሱን ከመረጃ ምንጩ መነጠል ነው።

ሌላ መንገድ እንዳለ በቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ ወርልድ ሞኑመንትስ ፈንድ ከኢትዮጵያ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር በመሆንና በአሜሪካ መንግሥት የገንዘብ ድጋፍ በዚያ ሲሠራ፣ ከላይ ጥላ መትከልን አልመረጠም። ስንጥቆችን መድፈን፣ የጣራውን ውሃ መውረጃ ማስተካከልና የአካባቢውን ሠራተኞች በሥራው ላይ ማሠልጠን ላይ አተኮረ። ይህ ሥራ ከሩቅ አይታይም፤ ለምረቃ ሪባንም አይመችም። ብልጫው ግን እዚህ ላይ ነው፤ ዕውቀቱ ወደ እጅ ገብቷል፤ እጁም በላሊበላ ይኖራል።

የንጹሕ ምርምር ጥቅምም መዘንጋት የለበትም። የፈረንሳይና የሌሎች አገሮች አርኪዮሎጂስቶች ጥናት፣ አብያተ ክርስቲያናቱ በየምዕራፉ እየተፈለፈሉና እየተለወጡ እንደመጡ አሳይቷል። ይህ የታሪክ ነጥብ ብቻ አይደለም። የትኛው ግድግዳ መቼና በምን ሁኔታ እንደተጠረበ ማወቅ የትኛው ቀድሞ እንደሚደክም ለመገመት ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ2019 በኢትዮጵያና በፈረንሳይ ትብብር የተጀመረው የላሊበላ ፕሮጀክትም ምርምርን፣ ጥበቃንና ሥልጠናን በአንድነት መያዙ ተገቢ እርምጃ ነው።

የውጭ ድጋፍ ወሰን ምን ያህል እንደሆነ ግን እ.ኤ.አ. በ2021 ጦርነቱ ላሊበላ ሲደርስ ታየ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ተመራማሪ ይርቃል፤ በጀት ይቆማል፤ ከዓለቱ ጋር የሚቀረው የአገሬው ሰው ብቻ ነው። እንግዲህ አንድ ድጋፍ የሚመዘነው ደጋፊው በሌለበት ጊዜ በሚሠራው ሥራ መሆን አለበት።

በዚህ ረገድ እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንና በአሜሪካ የትምህርት ተቋማት ትብብር ከዘጠኝ ሺህ በላይ መጻሕፍት ሲነሡ፣ ቅጂው በአዲስ አበባም በሚኒሶታም እንዲቀመጥ ተደረገ። ዶክተር ጌታቸው ኃይሌን የመሰሉ ኢትዮጵያዊ ሊቅ ለብዙ ዓመታት የደከሙበት የመግለጫ ዝርዝርም ለዓለም ተመራማሪዎች የዕለት መሣሪያ ሆኗል። ግእዙን የሚያውቀው ሊቅ የሥራው ባለቤት እንጂ የሌላው ረዳት አልነበረም።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ ግልጽ ነው። በላሊበላ የሚሠራ ማንኛውም ጥናት ውጤቱ በአማርኛ ተጽፎ ለካህናቱ፣ ለመምህራኑና ለከተማው ሕዝብ ሊደርስ ይገባል። የስንጥቁ መለኪያ መዝገብ በስፍራው መቀመጥ አለበት። ከእያንዳንዱ የግንባታ በጀት ጋር ለዓመታት የሚዘልቅ የጥገና በጀት አብሮ ሊታሰብ፣ ጠራቢና ለሳኝ የሚሆኑ ወጣቶችም በቋሚነት ሊሠለጥኑ ያስፈልጋል። የጥላዎቹ ዕጣም በይሉኝታ ወይም በቁጣ ሳይሆን በተለካ መረጃ ይወሰን።

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል። ወርቁን ወርቅ ነው ብሎ የሚነግር ወዳጅ ከሩቅ ቢመጣ መልካም ነው፤ እርሱን መዝኖ፣ ጠርጎና ጠብቆ ለልጅ ማስተላለፍ ግን የባለቤቱ ሥራ ነው።