ንጹሑን ማዳንና ግድያን መቃወም
ስለ አንድ የአሜሪካ ተውኔት የቀረበ ሂስ

የሞት ቅጣት እንዲቀር በሚደረገው ትግል ውስጥ ኪነ ጥበብ የራሱ ድርሻ አለው። ማኅበራት ጽሑፍ ያሠራጫሉ፤ ጠበቆች አቤቱታ ያቀርባሉ፤ ተውኔት ግን የተፈረደበትን ሰው ራሱን አምጥቶ ከተመልካቹ ፊት ያስቀምጠዋል። ጄሲካ ብላንክና ኤሪክ ጄንሰን የተባሉ አሜሪካውያን የደረሱት፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በኒው ዮርክ ለመድረክ የበቃው «ዘ ኤግዞነሬትድ» ይህንኑ የሚያደርግ ሥራ ነው። ርእሱ «በነጻ የወጡት» እንደ ማለት ሲሆን፣ ሞት ከተፈረደባቸው በኋላ ከእስር የተለቀቁ የስድስት ሰዎችን ታሪክ ይዟል።

የተውኔቱ ቅርጽ ከይዘቱ ጋር የተስማማ ነው። ቃለ ተውኔቱ ከጥቂቱ በቀር የተገኘው ከባለ ታሪኮቹ አንደበትና ከፍርድ ቤት መዛግብት ነው። ተዋንያኑ በወንበር ተደርድረው፣ ጽሑፉን ከፊታቸው አድርገው ይናገራሉ፤ የመድረክ ጌጥና ግርግር የለም። ይህ ቁጥብነት ተመልካቹን የችሎት ታዳሚ ያደርገዋል። የኢሊኖይ ገበሬው ጌሪ ጋውገር በተገደሉት ወላጆቹ ሐዘን ላይ ሳለ፣ መርማሪዎች አንተ ብትሆን ኖሮ እንዴት ታደርገው ነበር እያሉ ካስገመቱት በኋላ ግምቱን እንደ እምነት ቃል ሲቆጥሩበት ተመልካቹ ያለ አስረጂ ይረዳዋል። እ.ኤ.አ. በ1974 በፍሎሪዳ የተፈረደበት ባለቅኔው ደልበርት ቲብስም በጥንታዊው የግሪክ ተውኔት የመዘምራኑ ድርሻ የነበረውን ተግባር እየፈጸመ የተበታተኑትን ታሪኮች ያያይዛል።

ሆኖም ግን የተውኔቱ ድክመት የሚመነጨው ከዚሁ ከጥንካሬው ነው። ንጹሕ ሰው አይገደል የሚለውን የሞት ቅጣት ደጋፊም ቢሆን ይቀበለዋል። ተመልካቹ ለንጹሑ አልቅሶ፣ ለጥፋተኛው ግን ሞት ይገባዋል ብሎ ወደ ቤቱ ቢሄድ ርእሱ አያግደውም። ከዚህም በላይ ክርክሩ በንጽሕና ላይ ብቻ ከቆመ፣ በአንዱ ታሪክ ላይ ጥያቄ ሲነሣ ሕንጻው በሙሉ ይናጋል። ከስድስቱ አንዷ ሰኒ ጄኮብስ እ.ኤ.አ. በ1992 የተለቀቀችው ንጽሕናዋ በፍርድ ታውጆላት ሳይሆን ከዐቃቤ ሕግ ጋር በተደረሰ ስምምነት ነበር። የርእሱ ቃል ይህን ልዩነት አይሸከምም።

ፈረንሳዊው ቪክቶር ሁጎ እ.ኤ.አ. በ1829 ባሳተመው «ሞት የተፈረደበት ሰው የመጨረሻ ቀን» በተሰኘው ሥራው ተቃራኒውን መንገድ መርጧል። ለባለ ታሪኩ ስም አልሰጠውም፤ የወንጀሉንም ታሪክ አልዘረዘረም። ስለዚህ አንባቢው የሚጠይቀው ይህ ሰው በእርግጥ አጥፍቷልን? ብሎ ሳይሆን፣ ሰውን ቀን ቆርጦ መግደል ተገቢ ነውን? ብሎ ነው።

የሚያስገርመው ግን የአሜሪካው ተውኔት ራሱ በአንድ ቦታ ወደዚህ ጥያቄ መድረሱ ነው። የሰኒ የኑሮ ጓደኛ ጄሲ ታፌሮ እ.ኤ.አ. በ1990 በፍሎሪዳ በኤሌክትሪክ ወንበር ሲገደል፣ መሣሪያው በሚገባ ባለመሥራቱ ከራሱ ላይ እሳት ነደደ። ይህ ሲነገር የሚሰማ ተመልካች ስለ ሰውየው ንጽሕና አይጠይቅም፤ ስለሚደረገው ነገር ይጠይቃል። ተውኔቱ ከርእሱ በላይ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

የኢሊኖይ አገረ ገዥ ጆርጅ ራያን ይህን ተውኔት እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2002 በቺካጎ ተመልክቷል። በግዛቲቱ ከ1977 ወዲህ 12 ሰዎች ሲገደሉ 13 የሞት ፍርደኞች በነጻ በመለቀቃቸው፣ አገረ ገዥው ቅጣቱን በ2000 አግዶት ነበር። በጃንዋሪ 2003 ደግሞ የ167 ፍርደኞችን የሞት ቅጣት ወደ እስራት ለወጠ። ለዚህ ውሳኔ ተውኔቱን ብቻ ማመስገን ማጋነን ይሆናል፤ የጠበቆች፣ የጋዜጠኞችና የተማሪዎች የብዙ ዓመት ድካም ነበረበት። ዋናው ቁም ነገር ግን ከ167ቱ መካከል ጥፋታቸው የማያጠራጥርም መኖራቸው ነው። ኢሊኖይ ቅጣቱን በ2011 በሕግ አስቀርታለች።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግም የሞት ቅጣትን የያዘ በመሆኑ ጉዳዩ የባሕር ማዶ ብቻ አይደለም። ይህን የምስክርነት ቅርጽ ወደ አማርኛ መድረክ ለማምጣት የሚያስብ ደራሲ ቁጥብነቱን ሊወርስ ይገባዋል። ነገር ግን ከተደረደሩት ወንበሮች በአንዱ ላይ በእርግጥ የገደለውን ሰው፣ በሌላው ላይ የሟቹን እናት ሊያስቀምጥ ይገባል። ከባዱ ክርክር ያለው በሁለቱ መካከል ነውና።