የእንጨቱ ገበቴ

ያኮብና ዊልሔልም ግሪም የተባሉት የጀርመን ወንድማማቾች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1812 ዓ.ም. ባሳተሙት የተረት መጽሐፍ ውስጥ፥ ከአንድ ገጽ የማትበልጥ ስለ አንድ አያትና ስለ ልጅ ልጁ የምትናገር ተረት አለች። ኋላም የሩሲያው ደራሲ ሌዎ ቶልስቶይ ለሕፃናት ባዘጋጀው የንባብ መጽሐፍ፥ ልጁን ሚሻ ብሎ ሰይሞ በአገሩ ቋንቋ ጽፏታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ ሾርባውን በማዕዱ ጨርቅ ላይ ያፈሳል። ልጁና ምራቱ ተጸይፈው ከምድጃው ኋላ ጥግ አስቀመጡት፤ የሸክላ ሳሕኑ ከእጁ ወድቆ ቢሰበርም በጥቂት ሳንቲም የእንጨት ገበቴ ገዙለት። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን የአራት ዓመቱ የልጅ ልጅ ከመሬት ተቀምጦ እንጨት ሲገጣጥም ያዩታል፤ ምን እንደሚሠራም ቢጠይቁት፥ እርሱ ሲያድግ አባቱና እናቱ የሚበሉበትን ገበቴ እንደሚሠራ ነገራቸው። ባልና ሚስት ተያይተው አለቀሱ፤ ሽማግሌውንም ወደ ማዕዱ መለሱት።

ብዙዎች ይህችን ተረት፥ በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም እያሉ ለማስፈራሪያ ያደርጓታል። ይህ ተረቲቱን ማሳነስ ይመስለኛል። ወላጆቹ ለራሳቸው እርጅና ፈርተው ብቻ ካለቀሱ ለሽማግሌው ምን አዘኑለት? ይልቅስ ሕፃኑን ልብ በሉት። አልተቆጣም፤ ሊበቀልም አላሰበም። ለሚወዳቸው ወላጆቹ መልካም ሥራ የሚሠራ መስሎታል፤ ለሽማግሌ የሚገባው ይህ ነው ብሎ በዓይኑ ተምሯልና። እኔን የሚያስደነግጠኝ ይህ የዋህነቱ ነው።

ቶልስቶይ ታሪኩን፥ ከዚያ ወዲያ ይንከባከቡት ጀመር ብሎ በጥቅሉ ይጨርሳል። ግሪሞች ግን አንባቢ ቸኩሎ የሚያልፋትን አንዲት ነገር ይጨምራሉ፤ ይኸውም ሽማግሌው ጥቂት ቢያፈስ እንኳ ምንም አለማለታቸው ነው። በዚህ ከታላቁ ደራሲ ይበልጣሉ እላለሁ። የሽማግሌው እጅ አልዳነም፤ የተለወጠው የልጁና የምራቱ አፍ ነው። እንባቸው የአንድ ቀን ነው፤ ሾርባው ግን በየማታው ይፈሳል፥ ሕፃኑም በየማታው ዝም ሲሉ ያያል።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፥ በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ይከበራል ትል ይሆናል። እውነት ነው፤ አያት ከማዕዱ ራስ ይቀመጣል፥ ልጅም ቆሞ እጅ ያስታጥበዋል። እስቲ ደግሞ ወደ ማድ ቤት ዝለቅ። ሠራተኛዪቱ ሌላው በልቶ ከተነሣ በኋላ፥ ለእርሷ በተለየ ሳሕን የተረፈውን የምትበላበት ቤት ጥቂት አይደለም። አያቱን «እርስዎ» የሚለው የአምስት ዓመት ልጅ፥ የእናቱን ታላቅ የምታህለውን ሴት በባዶ ስሟ ጠርቶ «ነይ፥ ውሃ አምጪ» ይላታል። «እርስዎ» ማለትን ስንት ጊዜ ተቆጥተው፥ ምናልባትም ቆንጥጠው አስተምረውታል፤ ይህንን ግን እናቱ በየማለዳው ስትጣራ ሰምቶ ነው የያዘው።